በልጅ ነፍስ የተማለላት ጦጣ

ቅንጬን ደም ማስቀመጥ የጀመራት በመስቀል ሰሞን ነው። ትበርህ ጠዋት የሽቦ ቤቷን ልትጠርግ ከፍታ ወለሉን ስታይ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈችና ቆመች። አዲስ ነገር ሆኖባት አይደለም። ከቅንጬ በፊት የነበሩት የጦጣ ግልገሎችም የጀመራቸው እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ምግብ ይተዋሉ፤ ቀጥሎ ሆዳቸውን አቅፈው ጥግ ይይዛሉ፤ ከዚያ ደሙ ይመጣል። ደሙ አንዴ ከታየ ዶክተሮቹ አይጠብቁም። በመርፌ ያስተኟቸዋል፣ ሆዳቸውን ይከፍታሉ፣ አንጀታቸውን ቆራርጠው በጠርሙስ ያኖራሉ።

የምርምር ጣቢያው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ማዶ፣ ወደ ገርጂ በሚወስደው ኮረኮንች ዳር ነበር። ያን ጊዜ፣ በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ አካባቢው ሜዳና የጤፍ ማሳ ነው። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር ጦጣዎቹ እየተንጫጩ ሽቦው ላይ ይንጠላጠላሉ። ሥራችሁ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቃት ሰው ትበርህ የምትነግረው በራሷ አነጋገር ነበር። የአንዷን ጦጣ ኩላሊት አውጥተው ለሌላዋ ይሰጣሉ። የተቀበለችው ገላ እንግዳውን ኩላሊት ጠላት መጣብኝ ብሎ እንዳያባርረው፣ የገላዋን ዘበኞች የሚያስተኛ መድኃኒት በየቀኑ ትውጣለች። ዘበኛ ሲተኛ ደግሞ ሌባው ሁሉ ይገባል። ትልልቆቹ እንደምንም ይችሉታል፤ ግልገሎቹን ግን አንጀታቸው ይቆስልና ይደማል። ለምን እንደሆነ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው ፕሮፌሰርም ገና አልገባውም። ሆድ የሚያስከፍተውም እሱን ለማወቅ ነው። ነገ ለሰው ልጆች ይጠቅማል ይሏታል፤ ትበርህም አይጠቅምም ብላ አታውቅም።

ግልገል ስትሞት አልቅሳ አታውቅም ነበር። ሥራ ሥራ ነው። ቅንጬ ግን ሌላ ሆነችባት። ገና ከአዋሽ እንደመጣች፣ ትበርህ ምሳዋን ልትበላ ከተቀመጠችበት ዘላ መጥታ ቅንጬዋን በሁለት እጇ ዝቃ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው። ስሟም በዚያው ወጣ። ማታ ማታ ትበርህ ወደ ቤቷ ልትሄድ ጋቢዋን ስትለብስ ግልገሏ ሽቦውን ይዛ ታለቅሳለች። ፈሂማ ትስቅባት ነበር። ፈሂማ የወሎ ሰው ናት፤ የጦጣዎቹን ምግብ የምታበስለው እሷ ናት።

«አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ጦጣ የወለድሽው?» ትላታለች። «ለተወልደ እህት አመጣሽለት?»

ተወልደ የትበርህ ልጅ ነው። ሙሉ ስሙ ተወልደብርሃን። አባቱ ገብረሃንስ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ትበርህ ነፍሰ ጡር ሳለች ሚሌ አጠገብ ተገልብጦ ሞተ። ሕፃኑ አርባ ቀን ሲሞላውና ክርስትና ሊነሳ ሲል ክርስትና አባት የሚሆነው ወንድ ጠፋ። የትበርህ ወንድሞች ትግራይ ናቸው፤ መንገዱ በጦርነት ተዘግቷል። የሰፈሩ ወንዶች ደግሞ ወንድሞቿ ጫካ ሳይገቡ አይቀሩም በሚባልላት ሴት ቤት አበልጅ መሆን ፈሩ። ያን ጊዜ ነው የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር አምደሚካኤል ሳትጠይቀው «እኔ አነሳዋለሁ» ያላት።

ቀላል ነገር አልነበረም። ዶክተሩ ለፓርቲ አባልነት እጩ ነው። የፓርቲ እጩ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ልጅ አነሳ ቢባል የሚመጣበትን ሁሉም ያውቃል። ደረቱ ላይ ያለችውን ዓርማ ነቅሎ ኪሱ ከተታት፣ ነጠላ ተከናነበና ልጁን ከቄሱ እጅ ተቀበለ። ይህን ከሁለቱ ሌላ የምታውቀው ፈሂማ ብቻ ናት። ከዚያ ቀን በፊት ትበርህን «አንቺ» ይላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው በሌለበት «አበልጄ» እና «እርስዎ» ሆነ። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርስዎ ያላት ሰው እሱ ብቻ ነው።

ቅንጬ የደማች ዕለት ትበርህ እጇን ታጥባ ወደ ቢሮው ገባችና በሩን ዘጋችው።

«አበልጄ፣ ይቺን አይክፈቱብኝ።»

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀና ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም። ደሙን ሰምቷል። መድኃኒቱን በጥቂቱ ሊቀንስላት እንዳሰበ፣ ሲቀነስ ግን ገላዋ የተቀበለችውን ኩላሊት ሊያባርረው እንደሚችል፣ መካከሉን ማግኘት አስቸጋሪ እንደሆነ አስረዳት። ትበርህ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ የምለው፣ ብትድንስ?»

«መድማቱን ካቆመችማ ለምን እንከፍታታለን? ከትልልቆቹ ጋር ትኖራለች።»

«ይማሉልኛ።»

«በምን ልማል?»

«በፈለጉት።»

ዶክተሩ ወደ በሩ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ተወልደ ይሙት» አለ።

አዲስ አበባ ላይ እገሌ ይሙት የማይል የለም። ሽንኩርት ሻጯ «ልጄ ይሙት አያዋጣኝም» ትላለች፤ ኳስ የሚጫወት ሕፃን እንኳ «እማዬ ትሙት ገብቷል» ይላል። ትበርህ ይህንን ታውቃለች። እሷ ግን በሰው ነፍስ ምላ አታውቅም፣ ሌላ ሰው ሲምልም ጆሮዋን ይቀፋታል። ክርስትና አባት ደግሞ እንደማንም ሰው አይደለም። ልጁን ከውኃው የተቀበለ ሰው በዚያው ልጅ ነፍስ ከማለ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከቢሮው የወጣችው ቅንጬ እንደዳነች ያህል ቀልሏት ነው።

ፈሂማ ስትሰማ ማማሰያዋን ድስቱ ላይ አስቀመጠች።

«ወላሂ እኔ ብሆን በራሱ ልጆች አስምለው ነበር። በሰው ልጅ ነፍስ መማል ምን ይከብዳል?»

«ልጁ እኮ ነው» አለች ትበርህ።

«እሺ፣ ልጁ ይሁንልሽ።»

ከዚያ በኋላ ትበርህ የታዘዘችውን ሁሉ ከታዘዘችው በላይ አደረገች። ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ከተባለ ሁለቴ አፈላች። ሌላ ሠራተኛ ወደ ቅንጬ ክፍል በጫማው እንዳይገባ በሩ ላይ ቆማ ትጣላ ጀመር፤ አንዴ ፕሮፌሰሩንም እጅህን ታጠብ ብላ በአማርኛ መልሳዋለች፣ ሳይገባው ታጥቧል። ፈሂማ ሩዙን አላልታ ሙቁን ታጠልላለች፣ ትበርህ በማንኪያ ጠብ ጠብ እያደረገች ታጠጣለች። ቅንጬ የዋጠችውን መልሳ ስትተፋው ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። ሆዷ ሲቆርጣት ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጣብቃ ስታቃስት፣ ትበርህ መዳፏን አሙቃ ሆዷ ላይ ታኖራለች። ዶክተሩም ሰነፈ አይባልም። ጠዋት ማታ እየመጣ ያያታል፣ መድኃኒቱን ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ ደሟን ወስዶ ይመረምራል። አንዳንዴ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲያዩአት ትበርህ ልቧ ይሞላ ነበር። አበልጄ እኮ ቃሉን ሊጠብቅ ነው እንዲህ የሚለፋው ትላለች።

ጥቅምት ሲገባ ደሙ ቀጠነ። ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ። ቅንጬ ሥጋ ማውጣት ጀመረች፤ ጠጉሯ አበራ፣ የፈሂማን ሻሽ ነጥቃ ሽቦው አናት ላይ ወጣችበት።

ትበርህ ሮጣ ልትነግረው ስትነሳ ፈሂማ ክንዷን ያዘቻት። ትንሽ ቆዪ አለቻት። ፈረንጁ ሰሞኑን ስለዚች ጦጣ አብዝቶ እንደሚጠይቅ፣ መጠየቁም ደስ እንዳላላት ነገረቻት።

«ምን አስጨነቀሽ? ምሏል እኮ» አለች ትበርህ።

«መማሉንማ ሰማሁ። አትንገሪው ነው የምልሽ።»

«እንዴት ያለ ነገር ነው! የዳነን ነገር እንደ ሌብነት ልደብቅ?»

ሄዳ ነገረችው። ዶክተሩ መጥቶ አይቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። ፕሮፌሰሩም መጣ፤ በራሱ ቋንቋ ብዙ አወራና የትበርህን እጅ ጨበጠ። ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ ለተወልደ እህትህ ዳነችልህ አለችው። ልጁ አራት ዓመቱ ነው፤ ምን እንደምትል አልገባውም፣ ብቻ አብሯት ሳቀ።

የኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ ዶክተሩ ራሱ ጠርቶ ፈቃድ ሰጣት። በየዓመቱ የሚካኤልን ዝክር እንደምታዘክር ያውቃል። ዕለቱ ሐሙስ ነው፣ የሥራ ቀን፤ ሌላ ጊዜ ግማሽ ቀን ለማግኘት ትለምነው ነበር። ዘንድሮ ሳትጠይቀው ሙሉ ቀን። እኔም ከሰዓት ብቅ እላለሁ አላት። ትበርህ አመስግና ወጣች።

በዚያ ቀን ከተማው እንደ ልማዱ በቆሻሻ ጭስ ታጥኖ ነበር። በየደጁ ጥራጊ ይቃጠላል፤ ከገርጂ ሆኖ የአውሮፕላን ማረፊያው እንኳ አይታይም። ትበርህ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ እንግዶቿን ስታስተናግድ ዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዶክተሩ ብርቱካን በዘምቢል ይዞ መጣ። የመጡት ጎረቤቶች ሄደው ስለነበር ነፃነት ተሰማው። ልጁን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ብርቱካን ላጠለት። ትበርህ ዶሮውን አቀረበችና ከጎኑ ቆመች።

«ቅንጬ እንዴት ዋለች?»

«ደህና ናት» አለ።

«በላች?»

«በልታለች። እርስዎ ዛሬ እንኳ ይረፉ እንጂ፣ አበልጄ።»

ትበርህ ሳቀች። እጇን ታጠበች፣ እንቁላሉን ከፍላ፣ በደንብ ጠቅልላ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችው። አንድ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ደገመችው። አጎንብሶ ተቀበላት፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ቁጭ ብሎ ስለ ልጁ ትምህርት አወራ፤ ለከርሞ አጸደ ሕፃናት እኔ አስገባዋለሁ አለ። ሲወጣ ልጁን ግንባሩን ሳመው።

በማግስቱ ትበርህ የተረፈ ድፎ ዳቦ ለፈሂማ በጨርቅ ጠቅልላ ጣቢያ ገባች። ፈሂማ ምድጃዋ ጋ አልነበረችም። የቅንጬ ክፍል ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላለች። በሩ ክፍት ነው። የሽቦ ቤቱ ታጥቦ ውኃው ገና አልደረቀም፣ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«ወዴት አዛወሯት?» አለች ትበርህ።

ፈሂማ ቀና ብላ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«ከትልልቆቹ ጋር ነች?»

«ትበርህ፣ ቁጭ በይ።»

አልተቀመጠችም። ፈሂማ ነገረቻት። ትናንት ጠዋት ነው። ፕሮፌሰሩ «የሞቱት በሽታው እንዴት እንደሚገድል ነግረውኛል፣ አሁን የምፈልገው የዳነ አንጀት ነው» ብሎ ነበር አሉ። ትርጁማኑ ነው ለፈሂማ የነገራት። ቅንጬ ስትወሰድ አልታገለችም፤ የሚሸከሟት ሰዎች ሁሌም ትበርህ ጋ ስለሚመልሷት ለምዳለች።

«ማን ነው መርፌውን የወጋት?»

«ራሱ፣ አበልጅሽ።»

«ጠዋት ነው ያልሽኝ?»

«ጠዋት።»

ትበርህ እጇን አየችው። ያጎረሰችበትን እጅ። ዳቦውን ፈሂማ ጭን ላይ አኖረችና ወደ ቢሮው ሄደች።

ዶክተሩ ሊደብቅ አልሞከረም። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። በረጅሙ አስረዳት። ከታመሙት ውስጥ የዳነች እሷ ብቻ ናት። ቁስሉ እንዴት እንደሚሽር የሚታየው በእሷ አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቢኖር ኖሮ ሌላ ያደርግ ነበር።

«ስለዳነች ነው የገደሏት?» አለች ትበርህ።

«እንደዚያ አይባልም።»

«እንዴት ነው የሚባለው?»

ዶክተሩ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ።

«ባላስታምማት ኖሮ ትሞት ነበር። ባስታምማትም ሞተች። ታዲያ እኔን ለምን አደከሙኝ?»

«ባታስታምሚያትማ እዚህ አንደርስም ነበር» አለ። «ያንቺ ሥራ ነው። ሁላችንም እናመሰግንሻለን።»

አንቺ አላት። ሳያውቀው ነው። ትበርህ ግን ሰማችው።

«ትናንት ቤቴ ደህና ናት አሉኝ።»

«በበዓል ቀን ምን ልበል? እንግዳ ሆኜ መጥቼ...»

«የማሉትስ?»

ዶክተሩ መጀመሪያ ምን እንደምትል አላስታወሰም። ካስታወሰ በኋላ ደግሞ እንደማፈርም እንደመሳቅም አለ። «አበልጄ፣ እሱ እኮ አነጋገር ነው። ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ከልብዎ ይዘውት ነበር እንዴ?»

ትበርህ ከቢሮው ወጥታ ጋቢዋን ሳትለብስ በእግሯ ገርጂ ገባች። ተወልደ ደጅ ከጎረቤት ልጆች ጋር ቆርኪ ይጫወታል። ግንባሩን ዳሰሰችው። አልተኮሰም። ልብሱን ገልጣ ሆዱን አየችው። ልጁ የኮረኮረችው መስሎት ተንከተከተ። ያን ቀንና የሚቀጥሉትን ቀናት እንዲሁ ዋለች፤ ባሳለው ቁጥር ትነሳለች፣ ሽንት ቤት ሲሄድ ተከትላ ታያለች፣ ደም እንዳይሆን።

በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ጋ ሄደች። አንድ ሰው በልጅ ነፍስ ምሎ ቢክድ መሐላው ልጁን ይይዘው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ቄሱ በሌላ ሰው ምላስ ሕፃን አይጠየቅም፣ የማለው ራሱ ይጠየቅበታል አሏት። ደግሞ አበልጅነት ይፈርስ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሱማ አይፈርስም አሉ፤ በመንፈስ ቅዱስ የተወለደ ዝምድና ነው፣ ወደድሽም ጠላሽም እስከ ሞት አበልጅሽ ነው። ትበርህ መስቀል ተሳልማ ወጣች። ስለ ልጁ የተባለውን አምናለች፤ እንቅልፍ ግን አልመጣላትም። ሰውየው ልጇን እንደ ሽንኩርት ሻጭ ነው የማለበት፤ ይሙት ሲል ልቡ ውስጥ ምንም አልነበረም። ልጁን ሲያነሳ ዓርማውን ከደረቱ ያስነቀለው ነገርስ? እሱም አነጋገር ነበር ማለት ነው?

በወሩ መጨረሻ የጣቢያው ሠራተኞች የሂስና ግለሂስ ስብሰባ ተጠራ። የሚመራው ካድሬው ጓድ ላጲሶ ነው። ስለ ምርት ዘመቻው ከተነገረ በኋላ ዶክተር አምደሚካኤል ተነስቶ አንድ ትልቅ የሳይንስ ውጤት መገኘቱን ተናገረ። ለዚህ ውጤት ጓድ ትበርህ ያሳየችው ትጋት ለሁላችንም ምሳሌ ነው አለ። ጓድ ላጲሶ ኮከብ ሠራተኛ ተብላ መመረጧን አስታወቀ። ተጨበጨበ። ከዚያ እንደ ደንቡ፣ ጓድ ትበርህ በአመራሩ ላይ የምታቀርበው ሂስ ካለ ያለ ፍርሃት ታቅርብ ተባለ።

ትበርህ ተነሳች።

ዶክተሩ እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ ተቀምጧል፤ ዓይኑን ከእጁ አላነሳም። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው የሚበቃው። እኚህ ሰው ዓርማቸውን ኪሳቸው ከተው ልጄን ክርስትና አንስተዋል። ካድሬው ለዚህ ይቸኩላል። ትበርህ ዶክተሩ መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ሲጠርግ አየችው። እሷን እንዲህ ፈርቷት አያውቅም ነበር።

«ጓድ ሰብሳቢ» አለች፣ «መጥረጊያ አልቋል። ካለቀ ቆይቷል። በእንጨቱ ነው የምንጠርገው።»

ሠራተኛው ሳቀ። ጓድ ላጲሶ ሂሱ ተመዝግቧል አለ። ትበርህ ተቀመጠች።

«ለምን አላወጣሽውም?» አለቻት ፈሂማ ሲወጡ። «እጅሽ ላይ አልነበረም? ያቺን የመሰለች ነፍስ አርዶብሽ ዶሮሽን የበላ ሰው!»

«ልጄን እኮ ነው ያነሳው።»

«እሱ መች አስታወሰው?»

«እሱ ስለረሳ እኔም ልርሳ?»

«ግትር ነሽ አንቺ» አለች ፈሂማ፤ ነጠላዋንም አስተካከለችላት።

ከሰዓት በኋላ ትበርህ የቅንጬን ክፍል ስትወለውል ዶክተሩ ብቻውን መጣ። ካርቶን አቅፏል። ፊቱ ፈክቷል፤ ከጠዋቱ ጀምሮ የተሸከመው ነገር እንደወረደለት ያስታውቃል።

«አበልጄ» አላት፣ «ዛሬ ያደረጉልኝን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።»

ትበርህ መወልወያውን ይዛ ጠበቀች። ሌላ ነገር ሊል ይሆናል ብላ ነው። እሱ ግን በቅንጬ ነገር ምንም ዕዳ ያለበት አይመስለውም። ካርቶኑን ከፈተላት። ጡጫ የምታህል ግልገል ናት፤ ጎኗ ላይ የተሰፋችበት ጠባሳ ገና ቀይ ነው።

«ኩላሊቱን ተቀብላለች። እንዳለፉት ሁሉ አንጀቷ መቆጣት ጀምሯል። ከእርስዎ ሌላ የሚያስታምማት ሰው አይታየኝም። ይቺን ግን አይስጉ፣ ምንም አትሆንም፤ ተወልደ ይ—»

ትበርህ መዳፏን ዘረጋች፤ አፉ ላይ ሊያርፍ ጥቂት ቀረው።

«አይጨርሱት» አለችው። «አንዴ ገድለውታል። ሁለተኛ አይግደሉብኝ።»

የዶክተሩ ፊት ደም መሰለ። ወደ ኋላ አንድ ርምጃ ሄደ። አሁን ገባው፤ ወይም የገባው መሰለ።

«አይማሉልኝ። ትከፈታለች ወይስ አትከፈትም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

ካርቶኑን አየ፣ በሩን አየ። ውጭ አውሮፕላን ሲነሳ ጦጣዎቹ ሁሉ ተንጫጩ። እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ትከፈታለች» አለ። «ብትድንም ባትድንም።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

አበልጄ አላላችውም። እሱም ወጥቶ ሄደ። ትበርህ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አኖረችና መወልወሏን ቀጠለች። ግልገሏ እየተንገዳገደች ወጣች፣ ቀሚሷን ይዛ ወደ ላይ ተሳበች፣ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ትበርህ አላቀፈቻትም። አላወረደቻትምም።